የዛፍ ሽበትን መለየት፦ በጥድ፣ በኮሶና በአስታ ላይ የሚንጠለጠለውን ላይከን ማወቂያ መመሪያ

በወፍ ዋሻ፣ በመናገሻ ሱባ፣ በባሌው ዲንሾ ዙሪያ ወይም በሰሜን ተራሮች የአስታ ጫካ ውስጥ የተዘዋወረ ሰው ከቅርንጫፍ ቁልቁል የሚወርደውን ግራጫ አረንጓዴ ጺም ሳያይ አይመለስም። ከሩቅ ሲያዩት ሞሱም፣ ሌላው ላይከንም፣ ይሄኛውም አንድ ይመስላሉ። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ኡስኒያ የተባለውን ወገን ነው፤ ከዚህ በታች «የዛፍ ሽበት» ስንል እሱን ብቻ ማለታችን ነው።

በዓለም ላይ ከ300 በላይ የኡስኒያ ዝርያዎች አሉ። በእጅዎ የያዙት ኡስኒያ መሆን አለመሆኑን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያለ ምንም ማሽን ማረጋገጥ ይችላሉ። ከ300ዎቹ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ምላጭ፣ ማይክሮስኮፕና ኬሚካል ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ሳይሳካ ሊቀር ይችላል። በላይከን ሥራ ላይ የሚታየው አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስና የት ላይ መቆም እንደሚገባም እንናገራለን።

በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው?

ላይከን አንድ ፍጥረት አይደለም። አካሉን የሚሠራው ፈንገስ ነው፤ በዚያ አካል ውስጥ ከብርሃን ስኳር የሚያዘጋጅ አልጌ ይኖራል። በዛፍ ሽበት ውስጥ ያለው ትሬቡክሲያ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ አረንጓዴ አልጌ ነው። የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ሊቅ ሲሞን ሽዌንደነር ይህን ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1867 ይፋ ሲያደርግ የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት አጥብቀው ተቃወሙት። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ዛሬም የምንሠራበትን የኬሚካል ምርመራ የጀመረው ዊልያም ናይላንደር ነበር። ነገሩ በዚያም አላበቃም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ቶቢ ስፕሪቢልና ባልደረቦቹ በብዙ ላይከኖች ልባስ ውስጥ እርሾ መሰል የሆነ ሌላ ፈንገስም እንደሚኖር አሳይተዋል።

ለመለየት ሥራ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ላይከን ሥር የለውም፤ ውኃውን ከጉም፣ ከጤዛና ከዝናብ በመላ አካሉ ይመጥጣል። ስለዚህ ጠዋት በጉም ውስጥ ያዩትና ቀትር ላይ ያዩት ያው የዛፍ ሽበት በቀለምም፣ በልስላሴም፣ በጥንካሬም የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሰው አንዱን ናሙና ሁለት አድርጎ ይመዘግበዋል።

ምን ይዘው ይውጡ?

ዋናው ዕቃ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ አጉሊ መነጽር ነው። 20 እጥፍ ቢሆን ይሻላል ብለው አያስቡ፤ የሚያሳየው ስፋት በጣም ጠባብ ይሆናል፣ እጅም ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይጠፋል። ከሱ ጋር ውኃ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ፣ ወረንጦ፣ ያልተነካ ምላጭ፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ወረቀት፣ የወረቀት ፖስታዎችና እርሳስ ይያዙ። በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ በደጋ ጉም ውስጥ ቀለሙ ፈሶ የቦታው ስም ይጠፋብዎታል። ከፍታውንና መገኛውን ስልክዎ ይመዘግብልዎታል።

ብዙ ሰው አጉሊ መነጽሩን ከዕቃው አጠገብ አድርጎ ከሩቅ ያያል። ትክክለኛው አያያዝ መነጽሩን ከዓይን ጋር አስጠግቶ መያዝ፣ ከዚያ ናሙናውን ወደ መነጽሩ ማምጣት ነው። ባለ 10 እጥፉ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። መነጽሩን የያዘውን እጅ ጉንጭ ላይ ካስደገፉት መንቀጥቀጡ ይቆማል። ፀሐይ ከጎን እንዲመታው ይቁሙ፤ ከኋላዎ ከሆነ ራስዎ ጥላ ያጠሉበታል።

የት ይፈልጉት?

ጉም የሚመላለስበት ደጋ፣ በዕድሜ የገፋ ዛፍ፣ ብርሃን የሚያገኝ ቅርንጫፍ፤ ሦስቱ ሲገጥሙ ነው የዛፍ ሽበት የሚበዛው። የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ አመጃና ወይራ ቅርፊታቸው ሻካራ ስለሆነ ጥሩ መያዣ ይሆኑታል። ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ግን የላይኛው ቅርፊት በየጊዜው እየተላጠ ስለሚወድቅ በዝግታ የሚያድግ ላይከን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ላይ ስላላገኙት ብቻ አካባቢው ላይ የለም አይበሉ።

ቅርንጫፍ መስበር አያስፈልግም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ነፋስ የጣላቸው ጭራሮዎች ዛፉ ሥር ይገኛሉ፤ አብረዋቸው የሚወድቁት ናሙናዎች ለመለየት ከበቂ በላይ ናቸው። የወደቀ ናሙና አንድ ጉድለት ብቻ አለው፦ ከስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደመጣ አይታወቅም፤ ይህን በመለያ ወረቀቱ ላይ «ከመሬት የተነሣ» ብለው ይጻፉ።

እርምጃ 1፦ ያርጥቡት፤ ከዚያ ይሳቡት

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው። ቀለሙን፣ ርዝመቱን፣ ያደረበትን ዛፍ ሁሉ ለጊዜው ይተዉ።

ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላይከኑን ቅርንጫፍ ይምረጡ። ውኃ ረጭተውበት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ሲረጥብ ልባሱ ብርሃን ማሳለፍ ስለሚጀምር ከሥሩ ያለው አልጌ ይታያል፤ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ለመሳብ ዝግጁ መሆኑን የሚያውቁት በዚህና ሲያጥፉት ሳይሰበር በመተጣጠፉ ነው።

አሁን ሁለቱን ጫፎች በሁለቱም እጆች አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይያዙና ሳይነትሩ፣ በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳቡ። የዛፍ ሽበት ከሆነ የውጪው ልባስ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ መካከል ነጭ ክር ይታያል። ክሩ እንደ ላስቲክ ትንሽ ይለጠጣል፤ ሲለቁትም ወደ ነበረበት ይሰበሰባል። ክሩ በጥቁር ወረቀት ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህ ማእከላዊ ክር የፈንገሱ ጥቃቅን ክሮች በአንድ አቅጣጫ ተጠባብቀው የሠሩት ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው እንዳይበጠስ የሚያደርገው እሱ ነው። በደጋችን ዛፍ ላይ ከሚንጠለጠሉት ውስጥ ሲሳብ እንዲህ የሚለጠጥ ክር የሚያሳየው ኡስኒያ ነው።

ፈተናው የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ደረቅ ናሙና መሳብ ነው፤ የደረቀው ልባሱም ክሩም አብሮ እንክት ስለሚል «ክር የለውም» ተብሎ ይጣላል። ሁለተኛው ጫፍ አካባቢ ያለውን ፀጉር መሰል ቅጥን መሳብ ነው፤ እዚያ ያለው ክር በዓይን ለማየት በጣም ያንሳል። ሦስተኛው ቶሎ ነትሮ መበጠስ ነው። ክር አላየሁም ብለው ከመደምደምዎ በፊት ከዚያው ናሙና ወደ መያዣው (ቅርፊቱ ላይ ወደ ተጣበቀበት ነጥብ) የቀረበ፣ ወፈር ያለ ቦታ መርጠው ይድገሙት።

በአንዳንድ የኡስኒያ ዝርያዎች ውስጥ ክሩ መሀሉ ክፍት፣ ቱቦ መሰል ነው። በሌሎች ደግሞ በክሩና በልባሱ መካከል ያለው ጥጥ መሰል ክፍል ነጭ ሳይሆን ቀይ፣ ሮዝ ወይም ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ፈተናውን አያፈርሱትም፤ እንዲያውም ወደ ዝርያው የሚያደርሱ ጠቃሚ ምልክቶች ስለሆኑ ይመዝግቧቸው።

ክር ከሌለውስ?

በደጋችን ዛፎች ላይ ከዛፍ ሽበት ጋር የሚምታቱት ጥቂት ናቸው።

ራማሊና በጣም ያሳስታል፤ ቀለሙ ያው ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፣ እሱም ይንጠለጠላል። ነገር ግን አካሉ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ነው። ቅርንጫፉን በጣቶችዎ መካከል ለማሽከርከር ይሞክሩ፤ የዛፍ ሽበት እንደ ሽቦ ይዞራል፣ ራማሊና ግን ሰፊው ጎኑ ላይ ተኝቶ እምቢ ይላል። ሲሳብም ክር ሳያሳይ ይቀደዳል።

ሂፖትራኪናም ጠፍጣፋ ነው፤ ልዩነቱ ላዩ ግራጫ፣ ሥሩ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይም ጥቁር ቅንድብ መሰል ፀጉር ያለው መሆኑ ነው። ገልብጠው ካዩት አይሳሳቱም።

ቴሎስኪስተስ በፀሐይ ላይ ሲያድግ ደማቅ ብርቱካንማ ስለሚሆን በቀላሉ ይለያል፤ ጥላ ውስጥ የኖረው ግን ግራጫ ሆኖ ያደናግራል። ጫፎቹን በአጉሊ መነጽር ይዩ፤ የብርቱካን ቀለም ቅሪት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይጠፋም። ክርም የለውም።

ብሪዮሪያ ጥቁር ቡናማ የፈረስ ጭራ ይመስላል፤ ክር የለውም።

ተንጠልጣይ ሞስ ደግሞ ጭራሹን ላይከን አይደለም፤ ተክል ነው። በ10 እጥፍ መነጽር ሲታይ ግንዱ ዙሪያውን በጥቃቅን ቅጠሎች የተሸፈነ ነው። የዛፍ ሽበት ቅጠል የለውም። ወርቅማ ቢጫ የሆነ ሞስ ከኮሶ ቅርንጫፍ ሲንጠለጠል ከሩቅ ፍጹም ያታልላል፤ ስለዚህ በመንገድ ዳር በዓይን ብቻ አይቁጠሩ።

የዛፍ ሽበት ሁሉ አረንጓዴ ግራጫ ነው ማለትም አይደለም፤ ልባሳቸው ቀላ ያለ ዝርያዎች አሉ። ቀለምን የመጨረሻ ዳኛ ካደረጉት ትክክለኛውን ጥለው የተሳሳተውን ይይዛሉ።

እርምጃ 2፦ በአጉሊ መነጽር ማንበብ

ክሩ ከተረጋገጠ ከመያዣው ተነሥተው ወደ ጫፍ ይሂዱ። በየደረጃው የሚፈልጉት ነገር ይህ ነው።

መያዣው ቅርፊቱ ላይ የተጣበቀው ነጥብ ነው። በአንዳንድ ዝርያዎች የመያዣው አካባቢ ጥቁር ነው፤ በሌሎች ደግሞ ከቀረው አካል ጋር አንድ ቀለም። ጥቁሩ ወደ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዘልቅ በማስመሪያ ይለኩ። ናሙና ሲያነሡ መያዣውን ቆርጦ መተው የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያለ እሱ ብዙ ዝርያዎችን መለየት አይቻልም።

ቀጥሎ የዋናውን ቅርንጫፍ ገጽ ይዩ። ለስላሳ ነው ወይስ በጥቃቅን ኪንታሮት መሰል እብጠቶች የተሸፈነ? ቅርንጫፎቹ መነሻቸው ላይ ይጠባሉ ወይስ እንደ ሆኑ ይወጣሉ? በጎን የሚወጡት አጫጭር፣ ቀጥ ያሉ ጭራሮዎች ብዙ ናቸው ወይስ ጥቂት? ርዝመታቸውስ? እነዚህ ጭራሮዎች ናቸው ናሙናውን የዓሣ አጥንት የሚያስመስሉት።

ከዚያ ወደ መራቢያው። አንዳንዱ የዛፍ ሽበት ልባሱ ላይ በሚከፈቱ ነጥቦች ዱቄት ያወጣል፤ እያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት በፈንገስ ክር የተጠቀለለ ጥቂት አልጌ ስለሆነ ነፋስ ወስዶ ሌላ ቅርፊት ላይ ካሳረፈው አዲስ ላይከን ሊሆን ይችላል። ሌላው በዱቄት ፋንታ ጥቃቅን እሾህ መሰል ቡቃያዎች አሉት። ሌላው ደግሞ ክብ ሳህን መሰል ፍሬ ያፈራል፤ ከጠርዙ ዙሪያውን ጭራሮዎች እንደ ፀሐይ ጨረር ይወጣሉ። ከሳህኑ የሚበተነው የፈንገሱ ዘር ብቻ ነው፤ አልጌውን በሄደበት ቦታ ማግኘት አለበት። የትኛው መንገድ እንዳለ ከመመዝገብዎ በፊት ቢያንስ አምስት ቅርንጫፎች ይዩ፤ አንድ ላይ ያልታየ ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል።

በዚህ ደረጃ ላይ በዓይን ሊጠረጠር የሚችል አንድ ዝርያ አለ፦ ኡስኒያ አርቲኩላታ። ወፈር ያሉት ቅርንጫፎቹ በየመሀሉ እየታነቁ፣ በእያንዳንዱ ማነቂያ መካከል ደግሞ ተነፍተው በክር የታሰረ ቋሊማ ይመስላሉ። ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ምክንያቱም በክሩና በልባሱ መካከል ያለው ጥጥ ልል ነው። ብዙ ጊዜ መያዣ አይገኝለትም፤ ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ተጣለ ሆኖ ተዘርግቶ ይኖራል። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የሚታወቅ ዝርያ ነው። ያም ሆኖ ምልክቶቹ ሁሉ ካልተሟሉ «አርቲኩላታ የሚመስል» ብለው ይጻፉ።

እርምጃ 3፦ የኬሚካል ምርመራ

ይህ እርምጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው፤ ጫካ ውስጥ ኬሚካል አያፍስሱ።

የመጀመሪያው ፈሳሽ 10 ከመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ከዚህ በታች «ፖታሽ» የምንለው እሱን ነው። 18 ሚሊ ሊትር ውኃ በፕላስቲክ ዕቃ ያድርጉና 2 ግራም ኬሚካሉን ቀስ እያሉ ይጨምሩበት፤ ውኃውን ኬሚካሉ ላይ አያፍስሱ፣ ሞቆ ይፈነጥቃል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። በመስታወት ዕቃ ካኖሩት ክዳኑን ይበላውና ያጣብቀዋል። ከአየር ጋር ሲገናኝ እየደከመ ስለሚሄድ ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ያዘጋጁ። ሁለተኛው ፈሳሽ ተራ በረኪና ነው፤ አዲስ የተከፈተ ይሁን፣ ፀሐይ የመታውና የቆየው ኃይል የለውም። በረኪናን ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ፖታሹ መሥራቱን አስቀድመው ይፈትኑ። ግንብ ወይም ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ብርቱካንማ ላይከን ፈልገው አንድ ጠብታ ያድርጉበት። ወዲያው ወይን ጠጅ ቀይ ከሆነ ፈሳሹ ደህና ነው። ብዙዎች ይህን ፈተና ይዘሉና የሞተ ፈሳሽ የሰጣቸውን «ለውጥ የለም» እንደ ውጤት ይመዘግባሉ።

አሁን ከናሙናው አንድ ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ለየብቻ ያስቀምጡ፤ ኬሚካል የነካው ወደ ዋናው ናሙና አይመለስም። በምላጭ ልባሱን በቁመት ይፋቁና ነጩን ጥጥ ያውጡ። በስቴኪኒ ጫፍ በጣም ጥቂት ፖታሽ ጥጡ ላይ ያስነኩ። ትልቅ ጠብታ ልባሱንም ስለሚያርስ የየትኛው ክፍል ለውጥ እንደሆነ አይታወቅም። መነጽሩን ይዘው ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ በውስጡ ሳላዚኒክ ወይም ኖርስቲክቲክ አሲድ አለ ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ሌላ ውሁድ ነው ያለው፤ ይህም ራሱ ዝርያ ከዝርያ የሚለይ ውጤት ስለሆነ ይጻፉት።

በልባሱ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ፖታሽ፣ ከዚያ እዚያው ላይ በረኪና ያስነኩ። ወርቅማ ቢጫ መሆኑ የኡስኒክ አሲድ ምልክት ነው። ናሙናው ራሱ ቢጫ ያዘለ ስለሆነ ለውጡ ላይታይዎት ይችላል፤ በነጭ ሶፍት ጫን አድርገው ያንሡት፣ ቢጫው ሶፍቱ ላይ ይቀራል።

ይህ ኡስኒክ አሲድ ባክቴሪያ የመግታት ኃይል አለው፤ የዛፍ ሽበት በብዙ አገሮች ቁስል ላይ የሚደረገውም በዚሁ ነው። መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ኡስኒክ አሲድ ያለበትን የክብደት መቀነሻ እንክብል ሰዎች እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው የጉበት ጉዳትና የጉበት መክሸፍ ስለታየ ነው። በተጨማሪም ላይከን ከአየር የሚወርደውን ብረታ ብረት በአካሉ ያጠራቅማል። አፍልተው አይጠጡት፤ «ለጉንፋን ነው» ለሚልዎትም ይህንኑ ይንገሩ።

እርምጃ 4፦ መሰንጠቅና መለካት

ለዝርያ ሥራ ዋናው ቁጥር የልባሱ፣ የጥጡና የክሩ ድርሻ ነው። ከዋናው ቅርንጫፍ ወፍራሙን ቦታ መርጠው በአዲስ ምላጭ በቁመት መሀል ለመሀል ይሰንጥቁ። ክሩ ወደ ጎን ከሸሸብዎት ስንጥቁ መሀሉን ስቷል ማለት ነው፤ ይድገሙት። በማይክሮስኮፕ 40 እጥፍ አጉልተው የሁሉንም ውፍረት ይለኩና ለጠቅላላው ውፍረት ያካፍሉ።

ለምሳሌ ቅርንጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ክሩ 0.40፣ ጥጡ በአንድ ጎን 0.22፣ ልባሱ በአንድ ጎን 0.08 ቢሆን፣ ውጤቱ ክር 40፣ ጥጥ 22፣ ልባስ 8 ከመቶ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ልባስ ሁለት ጊዜ፣ ጥጥ ሁለት ጊዜና ክር አንድ ጊዜ ሲደመሩ 100 መምጣት አለባቸው፤ 16፣ 44 እና 40። ከ100 በብዙ ከራቀ ስንጥቁ ጠምሟል። በሦስት የተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ይህን ሁሉ ሠርተውም «ኡስኒያ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ሙሉ ውጤት ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ፎቶ አይተው ብዙ ጊዜ ኡስኒያ ባርባታ የሚል ስም ያወጣሉ። ፎቶ ክሩን አይስብም፣ ጥጡንም አይመረምርም፤ ያንን ስም ተቀብሎ መመዝገብ በኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል።

ናሙና መያዝና ፈቃድ

ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ናሙና ከነመያዣው ይበቃል። በፕላስቲክ ከረጢት አያስሩት፤ በአንድ ሌሊት ይሻግታል። በወረቀት ፖስታ አድርገው ጥላና ነፋስ ባለበት ሁለት ሦስት ቀን ያድርቁ፤ ከተቻለ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፣ ነፍሳቱ ይሞታሉ። ፖስታው ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የዛፉን ዓይነት፣ ከመሬት ያለውን ርቀት፣ ቀኑንና የኬሚካሉን ውጤት ይጻፉ። የዛፉ ስም የሌለው ናሙና ግማሽ ዋጋውን አጥቷል።

በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሳይኖር ምንም አያንሡ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅዱ፤ ለምን እንደሚፈልጉት ከገለጹላቸው የትኛው ዛፍ ዕድሜ ጠገብ እንደሆነ ከእሳቸው የተሻለ የሚያሳይዎት አይኖርም። ለምርምር ናሙና ከአገር ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለማነጻጸርና ለማስቀመጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም ያነጋግሩ።

ዛፉን ይጎዳዋል?

አይጎዳውም። ይህን ጠንከር አድርገን የምንናገረው ብዙ ቡናና ፍራፍሬ አምራች ገንዘቡንና ጉልበቱን ላይከን በመፋቅና መድኃኒት በመርጨት ስለሚያባክን ነው። ራስዎ ለማየት የዛፍ ሽበት የተጣበቀበትን ጭራሮ በመያዣው መሀል ለመሀል ይሰንጥቁ። መያዣው በውጪው የሞተ ቅርፊት ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴና እርጥብ ንብርብር ሳይነካ ይታያል። ተቀጽላ ያለበትን ቅርንጫፍ ደግሞ እንዲሁ ይሰንጥቁ፤ ሥሩ ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ያያሉ። የዛፉን ውኃና ማዕድን የሚጠባው እሱ ነው፤ መቆረጥ ያለበትም እሱ ነው።

በደከመ ዛፍ ላይ የዛፍ ሽበት መብዛቱ እውነት ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ሲያረግፍ ብርሃን ወደ ቅርንጫፉ ይገባል፣ ላይከኑም በዚያ ይስፋፋል። ስለዚህ ሽበቱን ፍቆ መሄድ ሳይሆን ቅጠሉ ለምን እንደረገፈ መፈለግ ነው የሚገባው፦ ሥሩ ውኃ ተኝቶበት በስብሶ እንደሆነ፣ ግንዱን ነቀዝ በስቶት እንደሆነ፣ አፈሩ ተሸርሽሮ ሥሩ ተራቁቶ እንደሆነ። ቅርፊቱን በቢላ የሚፍቅ ሰው ለበሽታ በር ይከፍታል።

አየሩን ለመከታተል

የዛፍ ሽበት ቆዳውን የሚዘጋበት ሰም የለውም፤ በአየር ውስጥ ያለው ሁሉ ይገባበታል። በተለይ ከድንጋይ ከሰልና ከከባድ ነዳጅ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የአልጌውን ምግብ የማዘጋጀት ሥራ ያቆማል። ላይከኖች የአየሩን ንጽሕና እንደሚያመለክቱ ናይላንደር በፓሪስ የሉክሰምበርግ መናፈሻ ያሉትን አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1866 ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሆክስዎርዝና ሮዝ ለእንግሊዝና ለዌልስ ባወጡት የ10 ደረጃ መለኪያ ላይ ኡስኒያ አርቲኩላታ የተመደበው በመጨረሻው፣ አየሩ ንጹሕ በሆነበት ደረጃ ላይ ነው።

ያ መለኪያ ለኢትዮጵያ አልተሠራም፤ ቁጥሩን ወስደው አዲስ አበባ ላይ አይለጥፉት። የዛፍ ሽበት አለመኖር ጭስ ብቻ ሳይሆን ድርቀት፣ የዛፉ ወጣትነት ወይም የቅርፊቱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚቻለው አንዱን ቦታ ከራሱ ጋር በጊዜ ማነጻጸር ነው። ለዚህ በአውሮፓ ደረጃ ኢ.ኤን. 16413 የሚሠራበትን ፍርግርግ መዋስ ጥሩ ነው፦ በሽቦ ወይም በሲባጎ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አምስት እኩል ካሬዎች ያሉት መሰላል ይሥሩ። ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ግንድ ላይ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 1 ሜትር እንዲሆን አድርገው በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ በተራ ያስቀምጡት። በየአቅጣጫው ላይከኑ ያለባቸውን ካሬዎች ይቁጠሩ፤ ለአንድ ዓይነት ላይከን ከአንድ ዛፍ የሚገኘው ከፍተኛው ቁጥር 20 ነው። የዛፍ ሽበት ከግንድ ይልቅ ቅርንጫፍ ስለሚወድ ከፍርግርጉ ውጪ ያለውንም ለየብቻ ይጻፉ።

የሚነጻጸሩት ዛፎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ጥድን ከጥድ፣ ወይራን ከወይራ። ዛፎቹን በመገኛቸው መዝግበው በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ወር ይመለሱ፤ በክረምት የረጠበውን በበጋ ከደረቀው ጋር ካነጻጸሩ የሚያገኙት ልዩነት የአየር ሳይሆን የውኃ ይሆናል።